የማቴዎስ ተራ

«አሥራ አንድ ቁጥር ያሉትን አባት ለሐሙስ አዙሯቸው። ጋሻዬ ዛሬ ጠዋት ማደንዘዣ የሚሰጠው ዊንግ ነው።»

ይህን ያለው የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ዶክተር ዕዝራ ነው። ድምፁን ዝቅ ቢያደርግም የነርሶቹ ክፍል በር ገርበብ ብሎ ስለነበር ቃሉ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ሉሊት የቁስል ማጠቢያ ሳህን በሁለት እጇ እንደያዘች በሩ ሥር ቀጥ አለች። አሥራ አንድ ቁጥር አልጋ ላይ የተኛው አጎቷ ማቴዎስ ነው። «የሲስተር ሉሊት አጎት እኮ ናቸው ዶክተር» አለች የዋርዱ ኃላፊ ሲስተር በለጥሽ። «አውቃለሁ» አለ። ወንበር ሲሳብ ተሰማ፣ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ሉሊት ውሃው እንዳይፈስባት ቀስ ብላ ወደ ኋላዋ ተመለሰች፣ የሰው ቤት ገብታ የተያዘች ይመስል።

ማቴዎስ የምዕራብ ዓባያ የሙዝ ገበሬ ነው። አባቷ ሲሞት ሉሊትን ወደ ቤቱ ወስዶ ከልጆቹ ሳይለይ ያሳደጋት፣ የሙዝ ዘለላ በትከሻው እየተሸከመ አስፋልት ዳር አውጥቶ እየሸጠ ነርስ እስክትሆን ያስተማራት እሱ ነው። ስኳር እንዳለበት የታወቀው ዘግይቶ ነው። ውሃ ሊመራ ማሳ ገብቶ መኮትኮቻው የግራ እግሩን አውራ ጣት ሲያገኘው ሕመም አልተሰማውም። ቁስሉን ያየው ማታ ጫማውን ሲያወልቅ ነው። ቅባት ቀባው፣ ቅጠል አሰረበት፣ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች መጥተው ጸለዩለት። ጣቱ ሲጠቁር ግን ሚስቱ ልክነሽ ይዛው አርባ ምንጭ ገባች። ዶክተር ዕዝራ ያን ዕለት እግሩን አገላብጦ አይቶ «ጣቷን ብቻ እናነሳለን፣ ቀላል ነው፣ እግሩ ይተርፋል» ብሏቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዴ ኦክስጅን አለቀ ተባለ፣ አንዴ የማደንዘዣ መድኃኒት ጠፋ ተባለ፣ ዛሬ ደግሞ ይኸው ዊንግ ተባለ።

ዊንጉ ላይኛው ፎቅ ላይ ያለው የክፍያ ሕክምና ነው። ድሮ ፎቁ የአልጋ ስብርባሪና የተበላሸ ማሽን መከማቻ ነበር። የመንግሥት ሆስፒታሎች ወጪያቸውን በገቢያቸው ይሸፍኑ የሚለው ነገር ሲመጣ ፎቁ ታደሰ፣ ሴራሚክ ተነጠፈበት፣ መጋረጃ ተሰቀለበት፣ መግቢያው ላይ ጥበቃ ቆመ። ሐኪሙ ያው ሐኪም ነው፣ የቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛም ያው ጠረጴዛ ነው። የሚለየው ተራው ነው። ደንቡ ዊንጉ ከሥራ ሰዓት ውጭና ቅዳሜና እሑድ ይሠራል ይላል። መጀመሪያ እንደዚያው ነበር። ቀስ በቀስ ግን ከሰዓቱ ወደ ምሳ ሰዓት ተሳበ፣ ምሳ ሰዓቱ ወደ ረፋድ፣ ረፋዱ ወደ ጠዋት። ማንም ወስኖ አላመጣውም፣ ማንም ደግሞ አልከለከለውም። ሉሊትም ስትከለክል የቆየች ሰው አይደለችም። ባለፈው ወር ለሲስተር በለጥሽ ደጅ ጠንታ በዊንጉ ተረኞች ውስጥ የገባችው ራሷ ናት። ደመወዟ ሲቀላ ሰፈር የተከራየቻትን አንዲት ክፍል ከፍሎ ወሩን አያደርሳትም። የዶላሩ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህማ ዘይቱም ጤፉም ከእጇ ወጥቷል። የዊንጉ ድርሻ የምትገባው የአጎቷ ልጅ ምሥጋና ለሚማርበት ኮሌጅ ነው። ማቴዎስ ግን ይህን አያውቅም። ልጁን የምታስተምርለት ከደመወዟ ይመስለዋል።

ወደ ዋርዱ ስትገባ ሙቀቱ ፊቷን መታት። ጠዋት ቢሆንም የአርባ ምንጭ ፀሐይ በቆርቆሮው በኩል ሥራዋን ጀምራለች። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ሸረሪት አድርታበታለች። አልጋዎቹ ተጠጋግተው፣ በመካከላቸው አስታማሚዎች ምንጣፍ አንጥፈው፣ ፌስታልና ፔርሙዝ ደርድረው፣ ሕፃን የያዘም አለ፣ የሚያንኮራፋም አለ። ግድግዳው ላይ «አገልግሎት መብትዎ ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ከሥሩ የሰው ጃኬት ተንጠልጥሏል። ማቴዎስ ለቀዶ ሕክምናው ሲባል ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ ልክነሽ ባጠበችለት ሸሚዝ፣ ፂሙን ተላጭቶ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ሰው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ልክነሽ እግሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጣ የሽፈራው ቅጠል ትቀነጥባለች። ሦስቱ ሲሆኑ የሚነጋገሩት በጋሞኛ ነው።

ሉሊት ፋሻውን ፈታች። ሽታው ቀድሞ ወጣ። አጠገባቸው ያለው በሽተኛ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጣቱ እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ እሱን ታውቀዋለች። ትናንት ግን ከጣቱ ሥር የነበረው ቅላት ዛሬ የእግሩን ጀርባ አልፎ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ደርሷል፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል። በጣቷ ጫን አለችው። ማቴዎስ ፊቷን እንጂ እግሩን አላየም።

«ዛሬ ነው አይደል?» አላት።

«ለሐሙስ አድርገውታል፣ አጎቴ።»

«እንግዲያስ ቁርስ ስጡኛ» አለና ወደ ሚስቱ ዞሮ ፈገግ አለ። ልክነሽ ግን አልሳቀችም። የምትቀነጥበውን ቅጠል ትታ ሉሊትን አየቻት። ከሽፈራው ቅጠል ጋር የተቀቀለ የበቆሎ ኩርኩፋ ያለበትን ሳህን ከፌስታል አወጣች። ሉሊት ቁስሉን በአዲስ ፋሻ ጠቀለለች። ፋሻው እነሱ ከውጭ የገዙት ነው። ጓንቱም፣ የሚወጋው መድኃኒትም እንደዚያው። በጤና መድህኑ ደብተር የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ልክነሽ በተሰለፈች ቁጥር «የለም፣ ከውጭ ግዙ» እየተባለች ትመለሳለች። ከግቢው በር ማዶ ባሉት ፋርማሲዎች ኢንሱሊኑ አለ። ዓምና ሁለት መቶ ብር የነበረው ጠርሙስ ዘንድሮ ስድስት መቶ ሆኖ፣ በፍሪጅ ቀዝቅዞ፣ አለ። ቤታቸው የነበረችው ጊደር በዚያ መንገድ ሄዳለች።

ዶክተር ዕዝራን ደረጃው ሥር አገኘችው። ገና ወጣት ነው፣ ከዩኒቨርሲቲው ወጥቶ እዚሁ የቀረ። ለበሽተኛ አይጮህም፣ ለነርስም አይጮህም። ሲያያት የምትለውን የሚያውቅ ሰው ፊት አሳያት።

«ዶክተር፣ ቅላቱ ወደ ላይ እየወጣ ነው። እስከ ሐሙስ አይደርስም።»

«ጠዋት ራውንድ ስዞር አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ዊንጉ በጠዋት ምን ያደርጋል? ደንቡ ከሥራ ሰዓት ውጭ ነው የሚለው።»

«ደንቡን እኔም አንብቤዋለሁ ሲስተር» አለ። መነጽሩን አውልቆ በገዋኑ ጫፍ ጠረገ፣ መልሶ ግን አላደረገውም። «የዚህን ወር ኦክስጅን በምን የገዛነው ይመስልሻል? በዊንጉ ገቢ ነው። ዛሬ ዊንግ የምትገባው ሴትዮ ጠዋት ካልሆነ አዲስ አበባ ሄጄ እሠራለሁ አለች፣ አስተዳደሩ ደነገጠ። ማደንዘዣ የሚሰጡት ሦስት ነበሩ። ሁለቱ የግል ሆስፒታል ገቡ፣ የቀረን ጋሻዬ ብቻ ነው። እሱንም ያቆየው ዊንጉ ነው። እምቢ ካልኩት እሱም ይሄዳል። ያኔ ለአጎትሽም ለሌላውም ማን ያደነዝዛል?» መነጽሩን አጠለቀና ጨመረ፦ «ከሰዓቱም የዊንግ ነው። ወደ ዊንግ ይዛወሩ ከተባለ ዛሬ ከሰዓት እገባላቸዋለሁ። ቅድሚያ ክፍያውን ግን እኔ ልቀንሰው አልችልም። ለራሴ እናትም አልቀነሱልኝም።»

ሉሊት ይህን ይዛ ተመለሰች። ስትናገር የሰው መልእክት እንደምታደርስ ሆና፣ ዓይኗን አልጋው ብረት ላይ ተክላ ነበር። ማቴዎስ ኩርኩፋውን አስቀምጦ እስክትጨርስ ሰማት። የሚጠየቀው ገንዘብ እነሱ ቤት አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ማሳው ነው። አንድ የሲቀላ ነጋዴ ሙዙን ከነመሬቱ ለረጅም ዓመት በኮንትራት ልያዝ እያለ ሲመላለስ ከርሟል። ስልክ ቢደወልለት ዛሬውኑ ከነገንዘቡ ይመጣል። ይህን ሦስቱም ያውቃሉ፣ ስሙን ግን ያነሳ የለም።

«መሬቱን ሰጥቼ እግሬን ባተርፍ» አለ ማቴዎስ በመጨረሻ፣ «በእግሬ የት ልሄድበት ነው?»

ልክነሽ አንገቷን ደፋች። ሉሊትም አንገቷን ደፋች። ሉሊት ባንክ ያላት ገንዘብ የቅድሚያ ክፍያውን ግማሽ ይሸፍናል፤ ግማሹን ከሥራ ባልደረቦቿ ልትበደር ትችላለች። የምሥጋና ክፍያ ግን የዛሬ ሳምንት ነው፤ ያ ካልተከፈለ ፈተና አይቀመጥም። የልጁን ዓመት አቃጥላ የአባቱን ጣት ታስቆርጥ? ወይስ ሐሙስ ሩቅ አይደለም፣ ጌታ ያውቃል፣ ትበል? ከንፈሯ ተላቀቀ፣ ግን ድምፅ አልወጣውም። ልክነሽ ድንገት ቀና ብላ ከንፈሯን አየችው፣ የሚወጣውን ቃል እንደምትጠብቅ። ሉሊት «እኔ ፎቁ ላይ ተረኛ ነኝ፣ ቶሎ እመለሳለሁ» አለችና ወጣች።

ላይኛው ፎቅ ነፋስ አለው። በሰፊው መስኮት የዓባያ ሐይቅ ቀይ ውሃ ይታያል፣ ከማዶው ተራራው። ኮሪደሩ በረኪናና ሎሚ ይሸታል። ዊንጉ ውስጥ ለሦስት በሽተኛ አንድ ነርስ ትመደባለች፤ ታች ለሠላሳው አንድ ናት። ጠዋት ከነበሩት ሁለቱ ስለወጡ ለሉሊት የቀረችላት አንዲት ብቻ ሆነች፣ ወይዘሮ ፋንታዬ፣ ሴቻ ሰፈር ሆቴል ያላቸው። እንቅርት ነው ያለባቸው፣ አሮጌ እንቅርት፣ የማያም፣ ነገር ግን ልጃቸው ልትዳር ስለሆነ ለሠርጉ አንገታቸው እንዲያምር የፈለጉት። ሉሊት ደም ግፊታቸውን ለክታ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሸኘቻቸው። ጋሻዬ በር ላይ ተቀበላቸው፣ ዓይኑን ከሉሊት ዓይን ጋር ሳያገናኝ። ነገሩ ረጅም አልነበረም፤ ቀትር ሳይሆን ተጠናቀቀ፣ አንገታቸው በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የሉሊት ሥራ አጠገባቸው መቀመጥ ነበር። ትንፋሻቸውን መስማት፣ ፋሻው ደም እንዳያሳይ ማየት፣ ሲጠማቸው ከንፈራቸውን በጥጥ ማርጠብ። የዊንጉ ደንብ፣ ከሁሉ ደንብ የሚጠበቀው እሱ ነው፣ ነርስ ከቀዶ ሕክምና የወጣን በሽተኛ ትታ አትወጣም ይላል።

ወይዘሮ ፋንታዬ ሲነቁ ክፉ ሴት አልሆኑባትም። ሉሊት ክፉ እንዲሆኑ ሳትፈልግ አልቀረችም። በሻከረ ድምፅ «አመሰግናለሁ ልጄ» አሏት፣ ጥጡን ባስነካቻቸው ቁጥር። ቆይተው ስሟን፣ አገሯን ጠየቋት። «ምዕራብ ዓባያ» ስትላቸው የሆቴላቸው ሙዝ ከዚያ እንደሚመጣ ነገሯት።

«አያውሩ፣ ቁስሉ ይጎዳል» አለቻቸው።

«ትንሽ ላውራ» አሉ። «ይህን ያደረኩት ተንቀባርሬ እንዳይመስልሽ። ባለቤቴን ያጣሁት እዚሁ ታች ተራ ስንጠብቅ ነው። ዛሬ ነገ፣ ዛሬ ነገ ሲሉን። ያኔ ሆቴሉም አልነበረም፣ ዊንግ የሚባልም አልነበረም፣ የምከፍለውም አልነበረኝም። እሱን ቀብሬ ስመለስ፣ ሁለተኛ ተራ አልጠብቅም፣ ያለኝ ይለቅ እንጂ፣ ብዬ ማልኩ።» ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አንቺስ ዘመድ ታሞብሽ ያውቃል?»

ሉሊት «ያውቃል» አለች። ታች ያለው ማን እንደሆነ፣ ጠዋት የተሰጣቸው ጊዜ የማን እንደነበር ብትነግራቸው ሴትዮዋ ደንግጠው ቦርሳቸውን ያስከፍቷት ይሆናል። ወይም ፊታቸውን ያዞሩ ይሆናል። ወይም ለአስተዳደሩ ይደውሉና ሉሊት የበሽተኛ ምስጢር አወጣች ተብላ ከዊንግ ትሰረዛለች። ቦታውን የሚጠብቁ ነርሶች ብዙ ናቸው። እንዲህ እያሰበች ሳለ የኮሪደሩ በር ጋ ድምፅ ሰማች። የጥበቃው የሸዋንዳኝ ድምፅ ነው። «እናቴ፣ እዚህ አስታማሚ አይገባም፣ ካርድ ያሳዩኝ» ይላል። መልሱ በተሰባበረ አማርኛ መጣ። «ልጄ አለች፣ ሉሊት፣ ልጄ ነው፣ ጥራልኝ።»

ሉሊት ተነሳች። ወደ በሩ ሄደች። ልክነሽ ከጥበቃው ክንድ ኋላ ቆማለች፣ ባዶ እግሯን፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ። «ይንቀጠቀጣል» አለቻት በጋሞኛ። «ብርድ ብርድ ይለዋል። የሞተውን ወንድሙን ስም ይጠራል። አባትሽን።» ሉሊት ወደ ኋላዋ ዞረች። ከክፍሉ ወይዘሮ ፋንታዬ «ልጄ፣ ውሃ» ሲሉ ተሰማ። የምትተካት ነርስ የምትገባው ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ የግድግዳው ሰዓት ከሰባት ትንሽ አልፏል። «ታች ላለችው ነርስ ንገሪያት፣ ሙቀቱን ትለካው፣ ሉሊት ላከችኝ በያት» አለች። «አሁን እመጣለሁ እትዬ ልክነሽ። ጥቂት ብቻ።» ልክነሽ ልታምናት ፈልጋ ራሷን ነቀነቀች። ሴራሚኩ ላይ የላበ እግሯ አሻራ ቀርቶ ነበር፤ ሸዋንዳኝ ተከትሎ በመወልወያው አጠፋው።

ታች ያለችው ነርስ ሠላሳ ሰው አለባት። አንዱ ደም ያስመልሳል፣ አንዱ የደም ሥር ካኑላው ወጥቷል፣ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ታለቅሳለች። ልክነሽ የነርሷን ገዋን ይዛ ተከተለቻት፣ ነርሷም «እሺ፣ እሺ፣ መጣሁ» አለቻት፣ ሌላ ሰው ጠራት፣ ሄደች። ይህን ሉሊት በኋላ ሰማች። ስምንት ሰዓት ላይ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ስትወርድ ማቴዎስ ጋቢውንም፣ የልክነሽን ነጠላም፣ የጎረቤቱን ብርድ ልብስም ደርቦ ጥርሱን ያንቀጫቅጭ ነበር። ልብሱን ገልጣ ያየችው እግር ጠዋት ያጠበችው እግር አልነበረም። ቅላቱ ባቱን አልፎ ወደ ጉልበቱ እየሄደ ነው። በመካከሉ ቆዳው ወይን ጠጅ ሆኖ አብጧል፣ ስትዳስሰው ከሥር የሚሰነጣጠቅ ነገር ይሰማታል። ተምራዋለች፣ ሥጋን የሚያበሰብሰው ጋንግሪን ነው። የሚያስከትለውንም ታውቃለች።

ዶክተር ዕዝራ ምሳውን ትቶ መጣ። በደም ሥር ፈሳሽ አስከፈተ፣ መድኃኒት አስጨመረ፣ መንቀጥቀጡ ጋብ እስኪልለት አጠገቡ ቆመ። ማቴዎስ ወደ ልቡ ሲመለስ ሐኪሙ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። በዚህ ዋርድ ሐኪም አልጋ ላይ ተቀምጦ አይታወቅም።

«አባቴ፣ አሁኑኑ እናስገባዎታለን። ተራ የለም፣ ክፍያ የለም። ጋሻዬም ይጠብቀናል። ግን ጣቱ አይበቃም።»

«ከየት ነው?» አለ ማቴዎስ።

ዶክተር ዕዝራ እጁን ከማቴዎስ ጉልበት በላይ አሳረፈ። ማቴዎስ ያረፈበትን እጅ አየው።

«ጣት ነበር እኮ ያላችሁኝ» አለ። ቁጣ አልነበረበትም። ገበያ ላይ የተስማማበት ዋጋ ሲለወጥበት እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀው።

«ነበር» አለ ዶክተሩ።

«እኔ ጣት ልሰጣችሁ ነው የመጣሁት። እግር አልተነጋገርንም። ሙዝ ሁለት እግር ይፈልጋል ዶክተር። ውሃው ሲመጣ ማን ነው የሚመራው? እሷ?» ወደ ልክነሽ በአገጩ አመለከተ። «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ።»

ሉሊት እግሩ ሥር ተንበረከከች። በጋሞኛ፣ ሰው እንደሚሰማት ረስታ፣ ለመነችው። ትሞታለህ አለችው። ዱላ ይዞ የሚሄድ ሰው ስንት አለ አለችው። እኔ አለሁ፣ እኔ አኖራችኋለሁ አለችው። ጠዋት ያልወጣላት ቃል ሁሉ አሁን ወጣ፤ ባንክ ያላትን፣ የምትበደረውን፣ ሁሉንም። ማቴዎስ እጁን ራሷ ላይ አደረገ፤ እጁ እሳት ነበር። «ልጄ፣ በአንቺ ጫንቃ እንዴት እኖራለሁ፣ አንቺ ራስሽ ገና ሳትኖሪ» አላት። ወደ ሚስቱ ዞረች። «እትዬ ልክነሽ፣ አንቺ ንገሪው።» ልክነሽ ግን ሳህኖቹን በፌስታል ታስገባ ጀመር። ባሏ አንዴ ከተናገረ ሌላ ቃል እንደማይመጣ ታውቅ ነበር። ወይም እሷም ከዚህ ሆስፒታል በሚወጣ ተስፋ መታመን ሰልችቷት ነበር፤ ሉሊት የቱ እንደሆነ አላወቀችም።

አምቡላንስ ወደ ቤት ለሚመለስ በሽተኛ አይወጣም። ባጃጅ ይዘው ወደ ሲቀላ መናኸሪያ ወረዱ፣ ማቴዎስ በሁለቱ ሴቶች መካከል፣ እግሩን ሉሊት ጭን ላይ ዘርግቶ። ዶክተር ዕዝራ ከሆስፒታሉ በር ማዶ ካለው ፋርማሲ ከኪሱ ገዝቶ የሚዋጥ መድኃኒት አስይዟቸዋል። ሊሰጥ የሚችለው የመጨረሻው ያ ነበር፣ የሚያድን እንዳልሆነ ሰጪውም ተቀባይዋም እያወቁ። የሚኒባሱ ረዳት ሽታው ሲደርሰው «ተሳፋሪ ይወርድብኛል» ብሎ አንገራገረ። ሉሊት የኋላውን ወንበር ሙሉውን ከፈለች። ከዚያ በኋላ ረዳቱ ራሱ አቅፎ አስገባው፤ ጋቢውንም አስተካከለለት። ከሰዓት በኋላ ያለው የሲቀላ አቧራ ፀሐይዋን ቢጫ አድርጓታል። ማንጎ የሚሸጡ ሴቶች በመስኮት በኩል ፌስታል እያነሱ ያሳያሉ፣ የተማሪዎች ቡድን ሻንጣ ጭኖ ይሳሳቃል። ማቴዎስ ሉሊትን በእጁ ጠራት፤ ጆሮዋን አስጠጋች።

«ሥራሽን እንዳትተዪ» አላት። «ተናድጄ ወጣሁ እንዳትዪ። ምሥጋና አልጨረሰም። ከዚያ ከላይኛው ቤት እንዳትወጪ።»

ከላይኛው ቤት አለ። ሉሊት ቀና ብላ አየችው። ስለ ዊንጉ ድርሻ ምን ያህል እንደሚያውቅ፣ ከማን እንደሰማ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቅ ልትጠይቀው አፏን ከፈተች። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን መስኮቱ ላይ አሳርፎ ነበር፣ ሥራውን እንደጨረሰ ሰው።

ልክነሽ ለመሳፈር አንድ እግሯን አንስታ ቆመች። ቀኑን ሙሉ የዊንጉ በር ላይ ካለቻት በስተቀር ከሉሊት ጋር ምንም አልተነጋገረችም። አሁንም ፊቷን ሙሉ አላዞረችላትም።

«ሶዶ ሆስፒታል ውሰጂው ብለውኝ ነበር ጎረቤቶቹ» አለች። «እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ሶዶ ማን አለን፣ አርባ ምንጭ ልጃችን አለች፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ናት፣ አልኳቸው።»

ገባች። በሩ ተዘጋ። ሚኒባሱ ሲወጣ ሉሊት እጇን አነሳች፣ ከውስጥ ግን ያነሳ አልነበረም። መናኸሪያው ውስጥ ቆማ ቀረች፤ የደንብ ልብሷ ጉልበት ላይ ከማቴዎስ ፋሻ የወጣ እርጥበት ቢጫ ሆኖ ደርቋል። ስልኳ ጠራ። ሲስተር በለጥሽ ነበረች። ወይዘሮ ፋንታዬ የጠዋቷን ልጅ ጥሩልኝ ብለዋል፣ ሌላ ነርስ አልፈልግም ብለዋል፣ ትችል እንደሆነ። ሉሊት መንገዱን አየች፤ አቧራው ገና አልተቀመጠም። «እችላለሁ» አለች። ሆስፒታሉ ወዳለበት ወደ ሴቻ የሚወጣ ሚኒባስ ላይ ተሳፈረች።

ማቴዎስ ሳምንቱን አልጨረሰም። ቀብሩ ላይ የአጥቢያው ዘማሪዎች በጋሞኛ ዘመሩ፤ ሬሳውን ተሸክመው በሙዙ መካከል ሲያሳልፉት ቅጠሉ በግራና በቀኝ ሳጥኑን ይዳብሰው ነበር። ሉሊት ከአርባ ምንጭ ሦስት ነርሶች ይዛ መጣች። ድንኳኑ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ተነስተው ቦታ ለቀቁላት። የአጥቢያው አገልጋይ በጸሎቱ መካከል ወንድማችን በሕመሙ ጊዜ በሕክምና ቤት የምታገለግል ልጅ ስለሰጠው፣ እጇ ከአልጋው ስላልተለየ ጌታን አመሰገነ፤ ሰዉ ሁሉ አሜን አለ። ምሥጋና ራሱን በእጆቹ ይዞ ጎኗ ተቀምጧል። ከጸሎቱ በኋላ ከተራራው የወረዱ አንድ ሽማግሌ፣ የሟች የሩቅ ዘመድ፣ ወደ ሉሊት ዘንበል አሉ።

«ልጄ፣ ምን ነበር ሕመሙ? ጠንካራ ሰው ነበር እኮ።»

ሉሊት አጠገቧ ያሉትን ነርሶች አየች። ከፊት ለፊት፣ ከድንኳኑ ማዶ፣ ምንጣፍ ላይ ልክነሽ ተቀምጣለች፤ አንገቷን ቀና አድርጋ ትሰማለች።

«ስኳር ነው» አለች ሉሊት።

«አይ ስኳር» አሉ ሽማግሌው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ይኸው ስኳር ፈጀን።» በአካባቢው የነበሩትም ስኳር የወሰደባቸውን ሰዎች ስም እያነሱ ጨዋታው ወደዚያ ሄደ። ልክነሽ ሉሊትን ጥቂት አየቻት። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።